ለዳምጠው የተያዘ ቦታ

ምንትዋብ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል ቀበና ካለው አሮጌ ቪላ ትደርስና፣ በረንዳው ላይ ጃንጥላዋን አራግፋ፣ የውስጡን በር ከፍታ፣ መጋረጃውን ሳትገልጥ ሥራዋ ላይ ትቀመጣለች። መጋረጃው ወፍራም ቡናማ ነው። የጠዋት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እያረፈ ፊደሉን እንዳያጠፋባት ብላ ራሷ የሰቀለችው ነበር፤ ፀሐይ በሌለበት ክረምት እንኳ ማንሳቱን ስለተወችው ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ እንደ ምድር ቤት ጨለምለም ብሎ፣ የሞቀ ፕላስቲክና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ አምቆ ይኖራል። ሰው እዚህ ውስጥ እንዴት ይውላል የሚሏት ነበሩ። እሷ ግን ለምዳዋለች፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ትወደው ነበር።

ምን እንደምትሠራ ለሰው ማስረዳት ያስቸግራታል። ጊዜው ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ጋር በስልክ ያወራል ብትል ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። ድርጅቱ በየገጠሩ ላሉ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚልክ አነስተኛ የእርዳታ ድርጅት ሲሆን፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አራት የስልክ መስመርና መስመሮቹን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኙ አራት ሞደሞች አሉት። ከሩቅ አገር ያለ ጤና ረዳት በራሱ ኮምፒዩተር ይደውላል፤ ሞደሙ ቆርቆሮ በጥፍር ሲፋቅ የመሰለ ጩኸት ያሰማል፤ ቀይ መብራቱ ይበራል፤ የደዋዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ደዋዩም ደብዳቤውን ትቶ፣ የመጣለትን ወስዶ፣ ጊዜ ካለው ከሌሎች ደዋዮችና ከምንትዋብ ጋር በጽሑፍ አውግቶ ይሄዳል። አማርኛውን የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነበር፤ ምንትዋብ ከልማድ ብዛት ገና ስታየው በግዕዝ ፊደል ታነበዋለች።

ኮምፒዩተሩ አንድ፣ ደዋዮቹ አራት። ይህ እንዴት እንደሚሆን መጀመሪያ ቀን ያስረዳት ሥርዓቱን የዘረጋው ቴክኒሽያን አቶ ልሳነወርቅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልዱንም ቁም ነገሩንም በአንድ ፊት የሚናገር ሰው።

«አራት ልጆች ከበው የተቀመጡባት እናት አስቢ» አላት። «ለአንደኛው ታጎርሳለች፣ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው፣ ለአራተኛው፣ ከዚያ እንደገና። እጇ ስለሚፈጥን እያንዳንዱ ልጅ እኔን ብቻ ነው የምታጎርሰኝ ይላል። ግን ሁልጊዜ ከአንደኛው ነው የምትጀምረው። ሦስተኛው እኩል አፉን ቢከፍትም አንደኛው ይቀድማል።»

«የአድልዎ እናት ናት በለኛ።»

«ማሽን ናት። ሌላው ደግሞ፣ ስም አይተሽ አትመኚ። ስም ማንም ይጽፈዋል። መብራቱን እዪ። መብራት የሚበራው እውነተኛ ስልክ ሲኖር ብቻ ነው።»

ሞደሞቹ ያሉት ጠረጴዛው ሥር ስለሆነ፣ ስም በወጣ ቁጥር ጎንበስ ብላ መብራት ማየት ለምንትዋብ እንደ ማማተብ ልማድ ሆነባት።

ከደዋዮቹ አንዱ ወንድሟ ዳምጠው ነው። ጎርባ በምትባል የቆላ ከተማ ጤና ረዳት ነበር፤ የአገሩ ሰው ግን ድሬሰር ይለዋል። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ስኳሩም ላምባውም በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው የሚገኘው፤ ሰው ንጋት ላይ ድንጋይ ወይም የተቀደደ ዘንቢል አስቀምጦ ተራ ይይዝና ሌላ ጉዳዩን ይሄዳል። ምንትዋብ የምታስቀምጠው የዳምጠውን የግራ እግር ጫማ ነበር። በአንድ ጫማ ሩቅ ሄዶ አይጠፋም ብላ ነው። በኋላ ዳምጠው በባዶ እግሩ እያነከሰ ይመጣና፣ ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ጫማውን አስለክተው፣ ልክ ሲሆንለት እየሳቁ ቦታውን ይለቁለታል። ዛሬም ድረስ «እታለም» ይላታል፤ ከእሱ በቀር እንዲህ የሚላት ሰው በዓለም ላይ የለም።

የጎርባ ስልክ ችግሩ መቆራረጡ ነበር። ዳምጠው ሦስት መስመር ጽፎ ይቋረጥበታል፤ መልሶ ሲደውል ስሙን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ሁሉን እንደገና። በዚያ ላይ ወባ ገብቶ በሽተኛው በዝቶበታል። ምንትዋብ አቶ ልሳነወርቅን ሳምንት ሙሉ ነዘነዘችው።

«ሲቋረጥበት ቦታው ሳይለቀቅ ይቆይለት። መልሶ ሲደውል ካቆመበት ይቀጥል።»

«ያን ካደረግን ማሽኑ ማን እንደደወለ አይጠይቅም» አለ። «በዚያ መስመር ቀጥሎ የገባ ሁሉ በዳምጠው ስም ይቀመጣል።»

«ሦስተኛውን ቁጥር ለእሱ ብቻ እሰጠዋለሁ። ሌላ ማንም አያውቀውም።»

አቶ ልሳነወርቅ አንገቱን እየነቀነቀ አደረገላት። አንድ ነገር ብቻ ሳይነካው ተወ፤ በአንድ ስም ሁለት ሰው መግባት አይችልም። ሁለተኛው ከመጣ ደጅ ይቆይና፣ የትኛው ይውጣ ብሎ ማሽኑ ምንትዋብን ይጠይቃታል። ለሁለት ወር ያህል ሁሉ ነገር በደህና ሄደ።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ዳምጠው እንዲህ ሲል ጻፈ። «እታለም፣ ስልካችን ተበላሽቷል። ልደውል እጀታውን ሳነሳ ቀድሞኝ ያነሳ ሰው አለ። አይናገርም። ይተነፍሳል።»

«መስመር ተጠላልፎ ይሆናል» አለችው።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን እዚህ ጤና ጣቢያ የሞቱት ሰዎች ሁሉ ዘመዶቻቸው መርዶ የደወሉት በዚህ ስልክ ነው። ዛሬ ደግሞ ስሜን ጠራኝ። እታለም ቆይ» አለና ተቋረጠ። ምንትዋብ ጎንበስ ብላ አየች። የሦስተኛው መብራት ጠፍቷል። ስሙ ግን ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነበር፤ ቦታው ተይዞለታል።

ለምሳ ወጥታ ስትመለስ ሦስተኛው መብራት በርቶ አገኘችው። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ የሞደሙን ጩኸት ስላልሰማችው ብቻ ትንሽ ቅር አላት። ሰላም አለችው። መልስ የመጣው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው፤ አንዱ ፊደል ከመጣ በኋላ ሌላው እስኪከተል ድረስ በሩቅ ያለ ሰው ድንጋይ እየተሸከመ የሚያመጣው ይመስል ነበር። «አለሁ» ይላል። ሌላ ምንም።

ረቡዕም እንደዚያው ዋለ። ሌሎች ደዋዮች ገብተው ይወጣሉ፣ የእነሱ መብራት ይበራል ይጠፋል፤ ሦስተኛው ግን እንደበራ ነው። ምንትዋብ ስለ በሽተኞቹ ብትጠይቀው፣ በልተሃል ወይ ብትለው፣ ምን ነካህ ብላ ብትቆጣው፣ የሚመጣው አንድ ነገር ነው። «ቦታዬን ያዢልኝ።» ከሰዓት በኋላ የሞደሙን ድምፅ ማጉያ ከፍ አድርጋ አዳመጠች። ከመስመሩ ጫጫታ በስተጀርባ የሚተነፍስ ሰው ነበር፤ ትንፋሹ አጭርና እርጥብ፣ ውሃ ውስጥ ጨርቅ ገብቶ ሲወጣ እንደሚሰማው ያለ። ቶሎ ዝቅ አደረገችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቷን ይበርዳት ጀመር፤ አዲስ የተቆፈረ አፈር ሽታም ከምንጣፉ ሽታ ጋር ተደባልቆ አልወጣ አላት።

ወደ ጎርባ በተራ ስልክ ደወለች። ተይዟል ይላል። ሐሙስም ተይዟል። ዳምጠው ለሦስት ቀን ከስልክ የማይነሳ ሰው አይደለም፤ ታዲያ እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠው ማነው? ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባባት በኋላ ስሙን በስክሪኑ ላይ ባየች ቁጥር ዓይኗን ታሸሽ ነበር። ወንድሟ የት እንዳለ አታውቅም፤ በስሙ የተቀመጠው ደግሞ ወንድሟን አይመስልም። አቶ ልሳነወርቅ ለሥራ ጅማ ሄዷል። የምታማክረው ሰው አልነበራትም።

ዓርብ ጠዋት ሲስተር ብርቅነሽ በሁለተኛው መስመር ገባች፤ ወሎ ውስጥ ያለች የብዙ ዓመት ነርስ፣ ዳምጠውን በጽሑፍ ብቻ አውቃ እንደ ልጇ የምትወደው ሴት ናት።

«ምንትዋብዬ፣ ስልኬን ሳነሳ ቀድሞኝ ያነሳ ሰው እያገኘሁ ነው» ስትል ጻፈች። «ትናንት ዝም ብሎ ይተነፍስ ነበር። ዛሬ አናገረኝ። ለካስ ዳምጠው ነው!»

«ድምፁን መቼ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

«ራሱ ነገረኝ እንጂ። ከእህቴ መስመር ያስወጣኝ ሰው አለ፣ የመሥሪያ ቤቷን መንገድ ንገሪኝ አለ። እኔም ባለፈው እቃ ስልክልሽ የጻፍሽልኝን አድራሻ ነገርኩት። ድምፁ እንዴት ያለ ጨዋ ድምፅ ነው!»

ምንትዋብ አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነበር። ወንድሟ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ሌላ ስልክ ፍለጋ እየባዘነ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ቦታ ላይ ያለው እንግዲህ ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ፣ ከዳምጠው ስም ትይዩ፣ ፊደል በፊደል ይህ መጣ። «አትንገሩት።» ምንትዋብ ወንበሯን ወደ ኋላ ስባ፣ ቦርሳዋን አንስታ፣ በዚያ ቀን ከሰዓት በፊት ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ ግን መጣች። መምጣት አልነበረባትም ማለት ለሰሚ ቀላል ነው፤ ወንድም ያለው ሰው ግን ይገባዋል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ ቢሮው ውስጥ ሌላ ሠራተኛ የለም፤ ዘበኛውም ለቀብር ተፈቅዶለት ሄዷል። አራት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ተደፋ። ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠ፤ ወዲያው መብራት ሄደና ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ኮምፒዩተሩና ሞደሞቹ በባትሪ ስለሚሠሩ ከስክሪኑ አረንጓዴ ጭላንጭልና ከምንትዋብ ሁለት እጆች በቀር የሚታይ ነገር አልቀረም። የአፈሩ ሽታ አሁን ጉሮሮዋ ድረስ ገብቷል።

አምስት ሰዓት አልፎ ሃያ ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ወጣ። «በአንደኛው መስመር ዳምጠው መጥቷል። በሦስተኛው መስመር ዳምጠው አለ። የትኛው ይውጣ?»

ሞደሙ ጮኾ እንደሆነ በዝናቡ ምክንያት አልሰማችም። ጎንበስ ብላ መብራት ማየት የሚባለውንም በደስታዋ ብዛት ረሳችው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አንደኛው ቶሎ ቶሎ ይጽፋል። «እታለም! እኔ ነኝ። ከሰው ስልክ ነው የደወልኩት። በስሜ የተቀመጠው ማነው? ኧረ አስወጪልኝ፣ ደጅ ቆሜያለሁ!»

ሦስተኛው ቀስ እያለ ይጽፋል። «አ ታ ስ ገ ቢ ው።»

 ስክሪኑን እያየች አሰበች፣ አሰበችና ከእሷና ከዳምጠው በቀር ዛሬ የሚያስታውሰው የሌለውን ነገር ለሁለቱም ጻፈችላቸው። «በሰልፍ ላይ ቦታ የምይዝልህ ምን እያስቀመጥኩ ነበር?»

ዝናቡ ይወርዳል። ጠበቀች። አንደኛው መለሰ፤ «ግራ ጫማዬን!» ይላል። ከኋላው፣ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ፣ ሦስተኛውም መለሰ፤ «ግራ ጫማዬን።»

 ቀድሞ የመለሰው አንደኛው ነው። ሦስተኛው አይቶ ነው የገለበጠው፤ በክፍል ውስጥ ከጎኑ እንደሚኮርጅ ሰነፍ ተማሪ። አራት ቀን ሙሉ በወንድሜ ስም ተቀምጠህ ስታስፈራራኝ ከረምህ አይደል፣ አለች በልቧ፣ ከፍርሃትዋ ይልቅ ንዴቷ በልጦ። ሦስተኛው ሌላ ነገር መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ «እታለም እኔ ካልተነሳሁ እሱ መግ» እስከሚለው ድረስ ደርሷል። ሦስት ቁጥርን ተጫነችው።

«ሦስተኛው ቦታ ተለቋል» አለ ስክሪኑ። ከጠረጴዛው ሥር፣ ዝቅ ከተደረገው ማጉያ፣ ያ እርጥብ ትንፋሽ አንዴ ረዘም ብሎ ተሰማና ቆመ። ቁርጭምጭሚቷን ይበርዳት የነበረው ለቀቃት። አፈሩ ግን መሽተቱን አላቆመም።

«ተባረኪ» አለ የቀረው ዳምጠው። «አሁን ገባሁ። መጥቼ ላይሽ ነው። በሩ በየትኛው በኩል ነው? ብርቅነሽ የነገረችኝ እስከ ግቢው ድረስ ብቻ ነው።»

ፈገግ ብላ መልሱን መጻፍ ጀመረች። በበረንዳው በኩል፣ አረንጓዴ፣ እስከሚለው ጽፋ ጣቶቿ ቆሙ። ያንን በር ባለፈው ጥቅምት ለእረፍት የመጣ ጊዜ የቀባው ዳምጠው ራሱ ነው። አረንጓዴው ቀለም ፀጉሩ ላይ ደርቆበት በላምባ ስታጥብለት ምን ያህል ስቀው ነበር። ቀጥሎ የመጣችባት አቶ ልሳነወርቅ በምሳሌ የነገራት ያቺ እናት ናት፤ ሁልጊዜ ከአንደኛው የምትጀምረው። ሁለቱም እኩል ቢመልሱም አንደኛው ይቀድማል። እንዴት ይህን ረሳች? እንዴት? አሁን ጎንበስ አለች። ጠረጴዛው ሥር ጨለማ ነበር። ሦስተኛው መብራት ጠፍቷል። ሁለተኛውና አራተኛውም። አንደኛውም ጠፍቷል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ተራው ስልክ ሲጮህ ከድንጋጤዋ ጭንቅላቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨች። የሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ የጎርባ ጤና ጣቢያ ዘበኛ፣ አቶ ወልደሰንበት።

«የድሬሰራችን እህት ነሽ ልጄ? ... ጠንከር በይ። ከማክሰኞ ጀምሮ ትኩሳት ጥሎት ነበር። ተኛ ብንለው፣ እህል ቅመስ ብንለው፣ ከዚያ ከመሣሪያው ፊት አልነሳም አለ። እኔ ከተነሳሁ እሱ ወደ እህቴ ይሄዳል ይለናል። በአንድ ጣቱ ነው ሲጽፍ የከረመው፣ ሌላው አካሉ አልታዘዝ ብሎት።»

«አሁንስ?» አለች፤ ድምፅዋን ራሷ አልሰማችውም።

«አሁን አረፈ፣ ልጄ። አሁን፣ አሥር ደቂቃ አይሆነውም። ደህና ሲጽፍ ቆይቶ ድንገት ስክሪኑን አየና፣ እጁን አነሳ። በቃ።» ሽማግሌው አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ። «አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶናል። እግሩን ልናስተካክል ስናይ የግራ ጫማው የለም። ክፍሉን ሁሉ ፈለግን። ከቤት ያልወጣ ሰው ጫማ የት ይገባል?»

ዝናቡ፣ ማንም ሳያዘው፣ ባንዴ አባራ። ጣሪያው ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ ያለው ስም አልተንቀሳቀሰም፤ ከስሙ ጎን ግን ጅምር መልሷ ተቀምጧል፤ በበረንዳው በኩል፣ አረንጓዴ። ለማጥፋት እጇን ስትሰድ የበረንዳው ሳንቃ ሲያቃስት ሰማች። የሚመጣው እርምጃ ያነክሳል፤ አንዱ እግር የጫማ ድምፅ አለው፣ ሌላው ባዶና እርጥብ ነው፤ አይቸኩልም። በጭቃ የተዘፈቀ አፈር ሽታ በበሩ ሥር ገባ። እርምጃው ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ምንትዋብ የስልኩን እጀታ እንደጨበጠች፣ ሽማግሌው ከወዲያ «ልጄ፣ አለሽ?» እያለ፣ ባሳደገችው ልጅ ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ የሚከተለው ተነገራት።

«እታለም፣ ጫማዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ቦታዬን አሳዪኝ።»